ክሮኒክ ማለት «የማይድን» ማለት አይደለም

ሰሞኑን ስለ አንድ የእንግሊዝኛ የሕክምና ቃል «ክሮኒክ ማለት ምን ማለት ነው?» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። የጤና መረጃዎችን ወደ አማርኛ መመለስ የዕለት ሥራዬ ስለሆነ «እስቲ እየው» ብለው ነው። አየሁት። ደግሜም አነበብኩት። ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉት ያስታውቃል፤ አማርኛቸውም ይጥማል። ግን ካነሷቸው ስምንት ነጥቦች ሙሉ በሙሉ ትክክል ሆኖ ያገኘሁት አንዱን ብቻ ነው። ከቀሩት ውስጥ አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት ናቸው፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ ስህተት ናቸው። ስህተቱ የፊደል ቢሆን ዝም ብዬ አልፈው ነበር። ይህ ግን ሰው መድኃኒቱን እንዲያቋርጥ ወይም ከነጭራሹ እንዳይጀምር የሚያደርግ ስህተት ነው።

ላላነበባችሁት ጽሑፉ በአጭሩ የሚለው ይህን ነው። ክሮኒክ ማለት የማይድን ማለት ነው። ተቃራኒው አኪዩት (አጣዳፊ) ነው። አኪዩት ከባድና አደገኛ ሲሆን ክሮኒክ ግን ቀለል ያለና የሚለመድ ነው። ክሮኒክ የሆነ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ማንኛውም ሕመም 3 ወር ከሞላው ክሮኒክ ይባላል። ቃሉ የመጣው ልጆቹን ከሚውጠው የግሪኮች አምላክ ስም ነው። ከሕክምና ውጭ መጠቀም ስህተት ነው። የአማርኛው ፍቺ ደግሞ «ሥር የሰደደ» ብቻ ነው።

በተራ ልሂድባቸው።

«ክሮኒክ ማለት የማይድን ማለት ነው»

ከሁሉም የከፋው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴ ጨጓራዋን ታማ ተመረመረች። ውጤቷን የያዘ ወረቀት ተሰጣት። ወረቀቱ ላይ «ክሮኒክ ጋስትራይቲስ» ይላል፤ ጋስትራይቲስ የጨጓራ ቁጣ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያስረዳት ሰው አልነበረም። ኮሪደሩ ላይ ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ ሰው ግን አየት አደረገና «ክሮኒክ ከተባለማ አይድንም፣ ችሎ መኖር ነው» አላት። መድኃኒት ታዞላት ነበር። አልገዛችውም። «ለማይድን ነገር ምን አደከመኝ» ብላ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እኔ ያየሁት ከስምንት ወር በኋላ ነው። እጥፋቱ ተበልቶ ሊቀደድ ደርሷል። «የኔ ልጅ፣ አንተ እንግሊዝኛ ታውቃለህ፤ እስቲ ይህችን ቃል ንገረኝ» ብላ በጣቷ አሳየችኝ። ከዚያ ቀን በፊትም ጣቷ ስንት ጊዜ እንዳረፈባት ቀለሟ ይመሰክራል። ክሮኒክ የምትለዋ ቃል ብቻ ደብዝዛለች።

ከቃሉ ሥር የተጻፈውን አነበብኩ። የሕመሟ መንስኤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ነው ይላል። ይህ ባክቴሪያ መድኃኒት አለው። በተለምዶ ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ አሲድ ከሚቀንስ መድኃኒት ጋር ለ14 ቀን ያህል ይወሰዳል። አክስቴ ስምንት ወር ሙሉ የተሠቃየችው የሁለት ሳምንት መድኃኒት ላለው ነገር ነው። በኋላ ወስዳዋለች፤ ድጋሚ ስትመረመርም ባክቴሪያው የለም ተባለ። ስምንቱን ወር ግን የሚመልስላት የለም።

ጨጓራን ካነሳን አይቀር አንድ የሚታወቅ ታሪክ ልጨምር። ለብዙ ዘመን ሐኪሞች ራሳቸው የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከአሲድ የሚመጣ፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት የሚዞር ነገር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል፣ «የለም፣ ባክቴሪያ ነው» አሉ። የሚያምናቸው ሲጠፋ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያው ያለበትን ፈሳሽ ራሱ ጠጣው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ታመመ፤ ጨጓራው ሲታይም ተቆጥቶ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ክሮኒክ የሚለው ስም በፊትም ነበር፣ አሁንም አለ። የተለወጠው መዳኑ ነው። ቃሉና መዳን አለመዳን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

ሌላ ምሳሌ ልስጥ። ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው የጉበት ቫይረስ በብዙ ሰው ላይ ክሮኒክ ይሆናል። ጉበት ላይ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ዛሬ ግን ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚወሰድ ክኒን ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ታካሚዎች ይድናሉ። ሠላሳ ዓመት የቆየ በሽታ በሦስት ወር ክኒን ጠፋ ማለት ነው። ክሮኒክ ነበረ፤ ዳነ።

እንግሊዝኛው «የማይድን» ለማለት ሲፈልግ የራሱ ቃል አለው፤ ኢንኪዩረብል ይላል። ወደ ሞት እያመራ ያለን ሕመም ደግሞ ተርሚናል ይለዋል። ክሮኒክ ከሁለቱም አይደለም። የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጊዜን። ነገሩ ረጅም ጊዜ ቆይቷል፣ ወይም ረጅም ጊዜ ይቆያል። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልተናገረም።

ጸሐፊው «ስኳርና ደም ግፊትስ? አይድኑም እኮ» ብለው እንደሚመልሱልኝ እገምታለሁ። እውነት ነው፣ ብዙ ክሮኒክ የሆኑ በሽታዎች ዛሬ ባለው ሕክምና ጨርሰው አይጠፉም። ግን እዚያም ቢሆን ቃሉ ከሚመስለው ይልቅ ደግ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ በስኳር በሽታ ሊሞት ተቃርቦ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። በዚያ ዘመን አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የያዘው ልጅ ብዙ አይቆይም፤ ወራት ነው፣ ቢበዛ ጥቂት ዓመት። ሊዮናርድ በታሪክ የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ ተወጋ። የመጀመሪያው ዝግጅት በደንብ ያልተጣራ ስለነበር እምብዛም አልረዳውም። ከ12 ቀን በኋላ የተሻለ ተጣርቶ ሲሰጠው ግን ልጁ ነፍስ ዘራ። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። በሽታው አልዳነም። የሚገድለው በሽታ ግን አብሮት የሚኖር በሽታ ሆነ። እስከ ዛሬም ድረስ ሚሊዮኖች ከኢንሱሊን ጋር ያድጋሉ፣ ይማራሉ፣ ይወልዳሉ፣ ያረጃሉ። ኤችአይቪም እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ በመጡት ጥምር መድኃኒቶች ምክንያት ሐኪሞች «ክሮኒክ ሆኗል» ማለት የጀመሩት በደስታ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ክሮኒክ ማለት «ትኖራለህ» ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ቃል ለሕመምተኛ «አለቀልህ» ብሎ መተርጎም ምን ያህል ጭካኔ እንደሆነ አስቡት። ጸሐፊው እንደዚያ አስበው አልጻፉትም። አንባቢው ጆሮ ሲደርስ ግን እንደዚያ ነው የሚሆነው።

«አኪዩት ከባድ ነው፣ ክሮኒክ ግን ቀላልና የሚለመድ ነው»

ተቃራኒው አኪዩት ነው መባሉ ትክክል ነው። ሙሉ በሙሉ ልክ ሆኖ ያገኘሁት አንድ ነጥብ ይኸው ነው። እንዲያውም ሁለቱን ጎን ለጎን ማቆም የጥንት ሐኪሞች ልማድ ነው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የሰሜን አፍሪካ ተወላጁ ሐኪም ካይሊየስ አውሬሊያኑስ በላቲን ሲጽፍ አጣዳፊዎቹን በሽታዎች በ3 መጽሐፍ፣ ክሮኒኮቹን በ5 መጽሐፍ ከፋፍሎ ነው ያስቀመጣቸው። ረጅም ጊዜ የሚቆዩት በሽታዎች መጽሐፍ መርዘሙ አይገርምም።

ስህተቱ የሚጀምረው ክብደት ሲገባ ነው። አኪዩት ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻው «የተሳለ፣ ሹል» ማለት ነው። በሕክምና ድንገት የሚጀምርንና በአጭር ጊዜ ወደ አንድ ነገር የሚለይለትን ሕመም ይገልጻል። የእኛ «አጣዳፊ» ደህና አድርጎ ይተካዋል። ግን ጉንፋንም አኪዩት ነው። ሳምንት አስነጥሶን፣ አፍንጫችንን አፍኖን ይሄዳል። ኮሌራም አኪዩት ነው፤ ካልታከመ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ሁለቱም አንድ ስም አላቸው፤ ክብደታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። ክሮኒክም ያው ነው። እጅ ላይ ብቅ ጥልቅ የሚል የቆዳ ማሳከክ ክሮኒክ ሊሆን ይችላል። ኩላሊትን ቀስ እያለ የሚጨርሰውም ክሮኒክ ነው።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። የደም ግፊት እንዲህ ነው። አያምም፣ አያስተኛም፣ ሰው ሥራውን ይሠራል፤ ውስጥ ውስጡን ግን ልብን፣ ኩላሊትን፣ የአንጎል የደም ሥሮችን ይጎዳል። «ክሮኒክ ቀላል ነው» ብሎ ያነበበ ሰው «ምንም አይሰማኝም» ብሎ ክኒኑን ቢያቆም ማን ይፈርድበታል?

የደም ካንሰር ስሞች ነገሩን የበለጠ ግልጽ ያደርጉታል። አኪዩት የተባሉት በፍጥነት ስለሚገሰግሱ ነው፤ ክሮኒክ የተባሉት ቀስ ስለሚሉ። ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ የሚባለው ዓይነት መጀመሪያ ላይ ዓመታት ሊወስድ የሚችል ዝግ ያለ ደረጃ አለው፤ ስሙም ክሮኒክ ደረጃ ነው። ካልታከመ ግን ወደ ፈጣኑና ወደ ገዳዩ ደረጃ ይሸጋገራል። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኢማቲኒብ የሚባለው ክኒን የብዙዎቹን ታማሚዎች ዕጣ ለውጧል። በሽታው ክሮኒክ መባሉ ካንሰርነቱን ለአንድ ቀን እንኳ አላስቀረለትም።

«የሚለመድ» ስለተባለው አንድ ነገር ብቻ። ክሮኒክ የሆነ የጀርባ ሕመም ያለበት ሰው ፈገግ እያለ ሲያወራ ታዩታላችሁ። ሕመሙ ቀንሶለት ላይሆን ይችላል። ሁልጊዜ እያቃሰተ መኖር ስለማይቻል ነው። እባካችሁ ፈገግታውን አይታችሁ «ለምዶታል» አትበሉ።

ሐኪሞች ደግሞ አንዳንዴ ሁለቱን ቃላት ባንድ ላይ ይጠቀማሉ። «አኪዩት ኦን ክሮኒክ» ይላሉ። የቆየው በሽታ እንዳለ ሆኖ በላዩ ላይ ድንገተኛ መባባስ ሲመጣ ነው። አስም ያለበት ሰው ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ሲነሳ አስሙ የቆየ ነው፣ የዚያች ሌሊት ማፈን ግን አጣዳፊ ነው። ሁለቱ ቃላት የክብደት ቢሆኑ ኖሮ እንዴት ባንድ አልጋ ላይ ይገናኙ ነበር?

«ክሮኒክ በሽታ አይተላለፍም»

ይህ አጭር መልስ ይበቃዋል። «ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች» ተብለው የሚመደቡት ብዙዎቹ ክሮኒክ ናቸው። ግራ መጋባቱ የመጣው ከዚያ ነው። ግን ኤችአይቪ ይተላለፋል፤ ክሮኒክ ነው። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ይተላለፋሉ፤ ክሮኒክ ይሆናሉ። ይህን ሳያውቅ «የኔ ክሮኒክ ስለሆነ ሌላውን አይነካም» ብሎ የሚዘናጋ ሰው ሊኖር ይችላል። በተለይ ሄፓታይተስ ቢ ከእናት ወደሚወለደው ልጅ ይተላለፋል። ልጁ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው ክትባት የሚቻኮሉለት ለዚህ ነው።

«ማንኛውም ሕመም 3 ወር ከሞላው ክሮኒክ ነው»

ግማሽ እውነት። 3 ወር የሚለው ቁጥር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው፣ ክሮኒክ የሕመም ስሜትን ከ3 ወር በላይ የቆየ ወይም የተመላለሰ ይለዋል። የኩላሊት ጉዳትም ክሮኒክ ለመባል ቢያንስ 3 ወር ይጠበቅበታል። እዚያ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ግን «ማንኛውም» የሚለው ቃል ነገሩን አበላሸው። ሰዓቱ እንደ በሽታው ይለያያል። ሳል በአዋቂ ላይ ከ8 ሳምንት ሲያልፍ ነው ክሮኒክ የሚባለው፤ በልጅ ላይ ግን 4 ሳምንት ይበቃል። ተቅማጥ ከ4 ሳምንት በላይ፣ ሽፍታ እያወጣ የሚያሳክከው አርቲካሪያ ከ6 ሳምንት በላይ። ሄፓታይተስ ቢ ከ6 ወር በላይ ደም ውስጥ ሲገኝ። ክሮኒክ ብሮንካይተስ የሚባለው ደግሞ አክታ ያለው ሳል በዓመት 3 ወር፣ ያውም ሁለት ተከታታይ ዓመት እንዲቆይ ይጠይቃል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በአጠቃላይ ስለ ክሮኒክ በሽታዎች ሲናገር መለኪያው 1 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። በዚያ ላይ ቀጣይ ክትትል የሚፈልግ ወይም የዕለት ኑሮን የሚያውክ መሆን አለበት ይላል።

ሁሉም ቁጥር የራሱ ምክንያት አለው። ብዙ ሳል በራሱ ጊዜ የሚለቅበት የታወቀ ጊዜ አለ፤ ያንን ካለፈ «ሌላ ነገር አለ ማለት ነው» ተብሎ ፍለጋ ይጀመራል። ስለዚህ ክሮኒክ ለሐኪሙ «አሁን ጠበቅ አድርገህ መርምር» የሚል ደወልም ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ማይግሬን ነው። ክሮኒክ ማይግሬን ለመባል ራስ ምታቱ ከ3 ወር በላይ፣ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ መኖር አለበት፤ ከእነዚህም ቢያንስ 8ቱ ቀን የማይግሬን መልክ ሊኖራቸው ይገባል። ማይግሬን ሃያ ዓመት የኖረበት፣ ግን በወር ሁለት ቀን ብቻ የሚያመው ሰው በዚህ መለኪያ ክሮኒክ አይባልም። ሃያ ዓመት! ዓመቱ ብቻ ሳይሆን ድግግሞሹም ይቆጠራል ማለት ነው።

ሄፓታይተስ ቢን እንደገና ላንሳው። አዋቂ ሰው ቫይረሱ ሲይዘው ከ100 ከ5 በታች በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው ክሮኒክ የሚሆነው፤ የቀሩት ሰውነታቸው ያጸዳዋል። በሕፃንነቱ የተያዘ ግን ከ10 በ9ኙ ገደማ ላይ ክሮኒክ ይሆናል። ቫይረሱ አንድ ነው። ክሮኒክነት የበሽታው ብቻ ሳይሆን በሽታው ያረፈበት ሰውም ጉዳይ ነው።

«ቃሉ የመጣው ልጆቹን ከሚውጠው አምላክ ነው»

ይህ ስህተት የእኚህ ጸሐፊ ብቻ አይደለም፤ ጥንታውያኑም ሁለቱን ያምታቱ ነበር። በግሪክኛ ግን ሁለት ቃላት ናቸው። ልጆቹን የሚውጠው ክሮኖስ በ«ከ» ነው የሚጻፈው። ጊዜ ማለት የሆነው ደግሞ ላላ ባለው ፊደል፣ እኛ በ«ኸ» ልንጽፈው በምንችለው ነው፤ ኽሮኖስ። የእኛ ፊደል ይህን ልዩነት አሳምሮ ያሳያል፤ እንግሊዝኛው ግን ሁለቱንም እንደ «ከ» ስለሚያነባቸው ያምታታል። ክሮኒክ የመጣው ከሁለተኛው፣ ከጊዜው ነው። በላቲንና በፈረንሳይኛ አድርጎ እንግሊዝኛ ገባ።

ዘመዶቹን ብታዩ ይበልጥ ይገባችኋል። የጊዜ ቅደም ተከተል የሚባለው ክሮኖሎጂ ነው። ታሪክን በየዘመኑ የሚመዘግበው ጽሑፍ ክሮኒክል ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ «ዜና መዋዕል» የምንለው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ስሙ ክሮኒክልስ ነው። መዋዕል ቀናት፣ ዘመን ማለት ነው። የቀድሞ አባቶቻችን የተረጎሙበት ቃል የጊዜን ስም ይዟል። ክሮኒክ የዚህ ቤተሰብ ልጅ ነው። የሚበላ አምላክ የለበትም።

«ከሕክምና ውጭ መጠቀም ስህተት ነው»

ስህተት አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ክሮኒክ የሆነ የቤት እጥረት፣ ክሮኒክ የሆነ ሥራ አጥነት፣ ክሮኒክ የሆነ የበጀት ጉድለት ይላሉ። ሁልጊዜ የሚያረፍድ ሰውም፣ መዋሸት የማይተው ሰውም በዚሁ ቃል ይገለጻል። እንግሊዞች በተራ ንግግራቸው «በጣም መጥፎ» ለማለትም ይሉታል፤ መዝገበ ቃላት ውስጥ ያለ አጠቃቀም ነው። ይህ ግን የወሬ ቋንቋ ስለሆነ ደብዳቤ ወይም ሪፖርት ላይ አይመከርም።

እንግሊዝኛ ለሚማር ሰው የሚጠቅሙ ሁለት ገደቦች ግን አሉ፤ ጽሑፉ ቢጠቅሳቸው ጥሩ ነበር። አንደኛ፣ ክሮኒክ ለመልካም ነገር አይውልም። ክሮኒክ ደስታ፣ ክሮኒክ ጤና አይባልም። ረጅም ሰላምን በዚህ ቃል ብትገልጹት ሰሚው ሰላሙን እንደ በሽታ ያየዋል። ሁለተኛ፣ አንዴ ሆኖ ላበቃ ነገር አይውልም። እግሩ የተቆረጠ ሰው ጉዳቱ ቋሚ ነው፤ ክሮኒክ ግን አይባልም። ክሮኒክ የሚባለው እየቀጠለ ያለ፣ እየባሰ እየተሻለ የሚሄድ፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው። የተቆረጠበት ቦታ ላይ ያለው ሕመም ግን ከወራት በኋላም ካልለቀቀ ክሮኒክ ሊባል ይችላል።

አንድ የምጠላው አጠቃቀምም አለ። ሰውየውን ራሱን «ክሮኒክ ነው» ማለት። ክሮኒክ የሆነው ሕመሙ ነው።

«የአማርኛው ፍቺ ሥር የሰደደ ብቻ ነው»

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ብቻ ሳይሆን ከራሴም የቀድሞ ሥራ ጋር ነው የምከራከረው። እኔም ለብዙ ዓመት «ሥር የሰደደ» እያልኩ ጽፌያለሁ። ለችግር ያምርበታል። ሥር የሰደደ ድህነት፣ ሥር የሰደደ ሙስና ሲባል ሁሉም ይገባዋል። ለሕመም ግን ሁለት ጉዳት አለው።

አንዱ ሥዕሉ ነው። ሥር የሰደደ ዛፍ አይነቀልም። ስለዚህ ቃሉ ራሱ «አይድንም» የሚለውን ሹክ ይላል። ጽሑፉ የመጀመሪያውን ስህተት የሠራው ምናልባት ከዚህ ተነስቶ ይሆናል።

ሁለተኛውን ያስተማረችኝ አንዲት እናት ነች። ስለ ልጆች ስኳር በሽታ የተረጎምኩትን በራሪ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ለአንዳንድ ወላጆች እያስነበብኩ ነበር። የዚህች እናት የዘጠኝ ዓመት ልጅ በሽታው ከታወቀ ገና ሳምንቱ ነው። ልጁ ውሃ ውሃ ሲል፣ ሌሊት ለሽንት ሲመላለስ አይታ በቀናት ውስጥ ነው ይዛው የሄደችው። ወረቀቱን ተቀብላ «ሥር የሰደደ በሽታ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። ቀና ብላ አየችኝና «ሥር እስኪሰድ ድረስ ታዲያ እኔ የት ነበርኩ?» አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ልክ ነበረች። አማርኛ ላይ በሽታ ሥር የሚሰደው ችላ ሲባል ነው። «ሥር ሳይሰድ ቶሎ ታከም» እንባባል የለ? አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ግን ክሮኒክ የሚባለው ከታወቀበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። ማንም ችላ ስላለው አይደለም። እኔ የጻፍኩት ቃል ያቺን እናት ጥፋተኛ አደረጋት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሎቹንም ቃላት አንድ በአንድ መዘንኳቸው። «ዘላቂ» አይሆንም፤ ዘላቂ ሰላም፣ ዘላቂ መፍትሔ ስለምንል ጆሮ መልካም ነገር ይጠብቃል። «የዕድሜ ልክ» ለአንዳንዱ እውነት ቢሆንም ፍርድ ቤት ያስታውሳል፤ እስራት ከኋላው የሚከተል ይመስላል። «የማይለቅ» ያስፈራል፤ ደግሞም ብዙው ይለቃል።

የሚሻለው ሆኖ ያገኘሁት ቀላሉ «መቆየት» ነው። ግን አማርኛ እንግሊዝኛው የማይጠይቀውን ጥያቄ ይጠይቃል፤ የቆየ ነው ወይስ የሚቆይ? እንግሊዝኛው በአንድ ክሮኒክ ሁለቱንም ያልፋቸዋል። እኛ መምረጥ አለብን። ሁለት ወር ያለፈው ሳል «የቆየ ሳል» ነው፤ ወደኋላ እያየን ነው የምንናገረው፤ ነገ ሊድን ይችላል። ትናንት የታወቀ የስኳር በሽታ ደግሞ «አብሮ የሚቆይ ሕመም» ነው፤ ወደፊት እያየን ነው። የአክስቴ ወረቀት ላይ «የቆየ የጨጓራ ቁጣ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ መድኃኒቷን በዚያኑ ቀን ትገዛ ነበር ብዬ አምናለሁ። የእናትየውን ወረቀት «ለረጅም ጊዜ አብሮ የሚቆይ፣ በሕክምና የሚያዝ ሕመም» ብዬ ቀየርኩት። ርዝመቱ ገጹን አጣበበው። ይሁን።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ሰው ክትትሉን እንዳያቋርጥ መጨረሻ ላይ የጻፉት ምክር ጥሩ ነው፤ እሱ ይቆይ። የመጀመሪያውን መስመር ግን እባክዎ ይቀይሩት። ይህን ቢያደርጉት ለእኔ ይበቃኛል፦ «ክሮኒክ ማለት ረጅም ጊዜ የቆየ ወይም የሚቆይ ማለት ነው። ይድን እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ።» ይህን ምላሽ እየጻፍኩ ሳለሁ እንኳ ጽሑፉን አራተኛ ሰው ልኮልኛል። ከሥሩ «ለእማዬ ላክሁላት፣ ክሮኒክ ተብላለች» ብሎ ጽፏል። አሁን ልደውልለት ነው።